ያልተለካ ከፍታ

ስለ ተማሪዎች ሮኬት ሲወራ ወሬው ሁሉ ስለ ክብረ ወሰን ነው። ማን ከፍ አለ? ማን ጠፈር ነካ? እኛ ደግሞ ምንም ክብረ ወሰን ስላልተመዘገበለት አንድ ሮኬት ብናወራ ደስ ይለናል።

አሜሪካ ውስጥ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የራሳቸው የሮኬት ቤተ ሙከራ አላቸው። ሞተሩን ሳይቀር በእጃቸው ሠርተው ጠፈር ለመድረስ ዓመታት ለፍተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ያስወነጨፉት ትራቭለር ከተነሣ በሰኮንዶች ውስጥ ፈነዳ። የ2014ቱም አልተሳካም። በ2018 ትራቭለር 3 ተነሣ። ነገር ግን ከፍታውን የሚመዘግበው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ሳይከፈት ነበር የተተኮሰው! ጠፈር ደርሶ ይሆናል፤ ላይደርስም ይችላል። መረጃ የለማ። የዓመታት ልፋት በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ እንደገና ሠሩ። ኤፕሪል 21 ቀን 2019 ትራቭለር 4 ከኒው ሜክሲኮ በረሃ ተነሥቶ 339,800 ጫማ፣ ማለትም 103.6 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ። ጠፈር ይጀምርበታል ከሚባለው 100 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። ታዲያ ልጆቹ ውጤቱን ሲያወጡ ቁጥሩ 16,500 ጫማ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊል እንደሚችል፣ መስመሩን ስለማለፉም 90 በመቶ እርግጠኛ እንደሆኑ አብረው ጻፉ። 90 በመቶ! በእኛ አገር የሪፖርት ቋንቋ ነገር ሁሉ ወይ መቶ በመቶ ተሳክቷል፣ ወይ ከነጭራሹ አይነሣም። እርግጥ በ2024 አፍተርሾክ 2 የተባለው ሮኬታቸው 143 ኪሎ ሜትር ደርሶ ከ2004 ጀምሮ የቆየውን የአማተሮች ክብረ ወሰን ሰብሯል። እኛን የሚያስቀናን ግን ያቺ 90 በመቶ ናት።

በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚካሄደው ትልቁ የሮኬት ውድድርም ጠባዩ ይኸው ነው። በ2006 ዩታ ውስጥ ተጀምሮ፣ ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት ኒው ሜክሲኮ ተካሂዶ፣ በ2025 ወደ ቴክሳስ ሄዷል። የሚያሸንፈው ከሁሉ በላይ የወጣው አይደለም። ቡድኑ በዚህ ከፍታ እወዳደራለሁ ብሎ ይመዘገባል። በኒው ሜክሲኮ ዘመን ከ1,000 ነጥብ 350ው የሚሰጠው ሮኬቱ ለዒላማው ከፍታ በቀረበ መጠን ነበር። ዝቅ ያለም ያጣ ነበር፣ ያለፈም ያጣ ነበር፤ በ30 በመቶ የሳተ ከዚህ ክፍል ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ሮኬቱ በፓራሹት በደህና ካረፈ 150 ነጥብ ነበረው። የቴክኒክ ሪፖርቱ ደግሞ 200 ነጥብ ይይዝ ነበር፤ ያውም ከበረራው በፊት የሚገባ ሪፖርት።

«ይሄ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። ልክ ናቸው። በረሃውም፣ ሞተሩም፣ ፈቃዱም ገንዘብ ይፈልጋል። አስቀድሞ ቁጥር ጽፎ በዚያው መመዘን ግን ምን ያስወጣል? የእኛን የምህንድስና መመረቂያ ፕሮጀክት ሥነ ሥርዓት የምናውቀው ነው፦ ሱፍ፣ ፓወር ፖይንት፣ ጭብጨባ፣ ከዚያ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ። ማርኩ የሚሰጠው ለአቀራረቡ ነው። ዕቃው ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ መምህር ሲገኝ ተማሪው «ጨካኝ» ይለዋል (እኛም ብለናል)።

ሮኬት ይቅርብን። የውሃ ፓምፕ የሠራ ተማሪ፣ ፓምፑ ከመነሣቱ በፊት በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያወጣ ጽፎ ለመምህሩ ይስጥ። ከዚያ ባልዲና ሰዓት ይቅረብ። የጻፈውና የተለካው በተራራቁ ቁጥር ማርክ ይቀነስ፣ ፓምፑ ከተባለው በላይ ቢያወጣም እንኳ። ለምን እንደተራራቀ በቁጥር ማስረዳት ከቻለ ደግሞ ግማሹ ይመለስለት።