«ሁሉ ለበጎ ነው» የሚለው ማን ነው? ለማንስ?

መካነ ኢየሱስ ስንል አዲስ አበባ ያለው ወዳጃችን ቶሎ ትዝ የምትለው በጥር 1951 ዓ.ም የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ናት። አይፈረድበትም። እኛ ግን የምናወራው ስለ ከተማዋ ነው፤ ደቡብ ጎንደር ውስጥ፣ በጉና ተራራ አቅራቢያ ስላለችው የእስቴ ወረዳ መቀመጫ። ስሟን ስንፈታው «የኢየሱስ ስፍራ» ይሆናል። እንዲህ ያለ ስም በያዘች ከተማም ታዲያ ሰው ይርበዋል፣ ገበያ ወጥቶ በዋጋ ይጨቃጨቃል፣ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት መንገድ ዳር ይቆማል። ስም ብቻውን እንጀራ አይጋግርም።

በቤተ ክርስቲያን ያደግን የዚህ ዘመን ልጆች፣ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ሁለት ነገር ስንሰማ ነው ያደግነው። አንዱ «እግዚአብሔር ይመራሃል»፣ ሌላው «ባለህ ተመስገን በል»። በሁለቱም እናምናለን። ይህን አስቀድመን የምንናገረው ግማሹን አንብቦ «እነዚህ ደግሞ ሃይማኖት ሊነቅፉ ነው» የሚል ስለማይጠፋ ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር አንድ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ ጠይቁ የምንባለው «ይህን ማን ተናገረው? ለማን?» የሚለውን ነበር። «ሁሉ ለበጎ ነው» የሚለውም አባባል ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለም ባይ ነን።

እስቴ፣ ጋይንትና ስማዳ የቆሎ ተማሪ አገር ናቸው። በአብነት ትምህርት ዓለም ጋይንት ተራ ስም አይደለም፤ የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋስዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባ እዚያው ናቸው። ዙር አምባን ትውፊቱ ከራሱ ከቅዱስ ያሬድ ጋር ያያይዘዋል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ጢም ያላበቀለ ተማሪ ሲመላለስ ኖሯል።

ልጁ ከቤቱ ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል? ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ። ብዙ ጊዜ ወላጆቹን ሳያስፈቅድ ተደብቆ ነው የሚጠፋው፤ ከብት ጠባቂ የሚያሳጣቸውን ልጅ ማን ወዶ ይሸኛል? አገሩንም ያርቃል፤ ቅርብ ከሆነ ዘመድ መጥቶ ይመልሰዋል፣ ካልሆነም ናፍቆት ያሸንፈዋል። የኔታ ደጅ ሲደርስ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ የኔታም አይጠይቁትም። ጎጆ ይቀልሳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፣ ሌሊት በጨለማ ቃሉን ያጠናል። ድጓ ብቻውን ዓመታት ይፈጃል፤ በቀድሞው ሥርዓት መምህር ሊሆን የፈለገ ሰው ድጓውን በገዛ እጁ ብራና ላይ መጻፍ ነበረበት። እንግዲህ አስቡት፤ ነገ የሚበላውን የማያውቅ ልጅ ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ይጀምራል። ደግሞ ይጨርሰዋል! ከዚህ የበለጠ «እግዚአብሔር ይመራኛል» ማለት ምን ዓይነት ነው?

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ የሚል ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ደበሎ የለበሰ ልጅ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «እምነት ይሉሃል ይሄ ነው» ማለት እንወዳለን፤ ፎቶውን የምናየው ቁርሳችንን በልተን ነው።

ቁራሹ ግን ከሰማይ አይወርድም። አንዲት እናት ናት ከሌማቷ ቆርሳ የምትሰጠው። እርሷ ካልቆረሰች ያ ሁሉ ዜማ፣ ያ ሁሉ ቅኔ፣ ያ ሁሉ ሊቅ የለም። በቆሎ ተማሪ ሕይወት ውስጥ የእግዚአብሔር ምሪት የሚያልፈው በዚህች ሴት እጅ ነው፤ ስሟ ግን በየትኛውም የሊቃውንት ታሪክ ላይ ተጽፎ አላየንም። (ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ እንለፈው።) ሴትየዋም የምትኖረው እህል ሲኖር ነው። ስማዳና ሁለቱ ጋይንቶች በ1997 ዓ.ም በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። ይህ ማለት ልጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከሚቆምባቸው በሮች አንዳንዶቹ ዓመቱን በራሳቸው እህል የማይዘልቁ ቤቶች ናቸው ማለት ነው። ዝናብ ሲቀር የሚሳሳው የተማሪው ቁራሽ ነው። ቤተ ክርስቲያኗም ብትሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ርስቷን አጥታለች። አዋጁ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የአብነት ትምህርት ቤቱን በገበሬው ሌማት ላይ ይበልጥ ጥሎታል።

ተማሪው በር ላይ ቆሞ የሚሰማው መልስ ሁልጊዜ ቁራሽ አይደለም። «እግዜር ይስጥህ» የሚባል መልስም አለ። አማርኛችን ጉደኛ ነው፤ ሲሰሙት ምርቃት ነው፣ ትርጉሙ ግን «ሂድ፣ የለም» ነው። የሌላት እናት ብትለው እውነቷን ነው፤ ያላት ከሆነች ግን እግዚአብሔርን ጠርታ በሯን ዘጋች። የእኛ ዘመን «ሁሉ ለበጎ ነው» ብዙ ጊዜ እንደዚህ ሁለተኛው ነው የሚመስለን። ሥራ ያጣ ጓደኛችን ሊያወራን ሲመጣ «አይዞህ፣ ለበጎ ነው» እንለዋለን። ከዚያ በኋላ እኛም አንጠይቀው፣ እሱም አይነግረን።

ስለ እርካታ ሲሰበክ የማይቀረው ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። ባለኝ መርካትን ተምሬአለሁ ያለበትን የፊልጵስዩስ መልእክት በየስብከቱ ሰምተነዋል። ሁለት ነገር ግን ይዘለላል። አንደኛ፣ ሰውየው የጻፈው ታስሮ ነው፤ እርካታን የመሰከረው ስለ ራሱ እንጂ ሌላውን እስረኛ ዝም በል ለማለት አይደለም። ሁለተኛው ይበልጥ ይገርመናል፤ ያ ክፍል የምስጋና ደብዳቤ ነው። ፊልጵስዩሶች በችግሩ ጊዜ ርዳታ ልከውለት ነበርና እያመሰገናቸው ነው የተናገረው። «አይዞህ ጳውሎስ፣ ለበጎ ነው» ብለው በባዶ እጅ መልእክተኛ ቢልኩለት ኖሮ ደብዳቤው ምን ይመስል ነበር?

በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ምሪት የሚቀበሉም አሉ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ከ1958 ዓ.ም ጀምሮ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው በዛብህ የዚህ ተጠቂ ነው። ወላጆቹ ተቸግረው ተሳሉ፤ ልጁ ቢያድግላቸው ከጋብቻ ተከልክሎ ለእግዚአብሔር እንዲሰጥ። ፍቅራቸው እውነተኛ ነው፣ እምነታቸውም እንደዚያው። ስእለቱን ተሸክሞ የሚኖረው ግን ያልተጠየቀው ልጅ ነው። ዛሬ በጎጃም ገጠር ብቻ ሳይሆን በከተማችን አዳራሾች ውስጥም «ጌታ ይህችን አግባ ብሎሃል»፣ «ቪዛህ በሰማይ ታትሟል» የሚል አይጠፋም። ለምን ለተናጋሪው ሳይሆን ሁልጊዜ ለእኛ ዋጋ የሚያስከፍል ምሪት እንደሚመጣለት ብንጠይቅ ነውር ነው?

የሚከብደው ደግሞ ይኸው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በዚያች ከተማ ተደፍረናል ያሉ 16 ሴቶችን አነጋግሮ ሪፖርቱን በ2014 ዓ.ም አወጣ። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ «ተመስገን» ብትል ማንም እንዲነካባት አንፈልግም፤ የእርሷ «ተመስገን» ከእኛ መቶ ስብከት ይበልጣል። አጠገቧ የቆመ ሰው ግን «ለበጎ ነው» ቢላት ያ ሰው አፉን ይያዝ እንላለን። ያለፈውን እግዚአብሔር አስቦት ነው ብሎ ለመናገር ማን ሥልጣን ሰጠው? የኢዮብ ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፤ የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ውጊያ ተቀስቅሶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ ልጆች ከደብተር ርቀዋል። ለእነዚህ ልጆች «የእግዚአብሔር ጊዜ ይመጣል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ በተለይ ኢንተርኔት ካለበት ከተማ ሆኖ።

«ታዲያ እርካታ የሚባል ነገር የለም ልትሉን ነው?» ብትሉን፣ አይደለም። አይተነዋል። ከድሃ ቤት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራ አይተነዋል፤ ሦስተኛዋ ስኒ ላይ ውኃ ብቻ የመሰለ ቡና እየጠጡ ከልባቸው «ተመስገን» የሚሉ እናቶች አሉን። ማንም አላዘዛቸውም። እኛም ዲቪ ሞልተን ስም ዝርዝር ውስጥ ስንታጣ፣ ያመለከትንበት መሥሪያ ቤት ሳይደውል ሲቀር፣ በጸሎት የምናገኘው ሰላም ሐሰት አይደለም። ሰላሙን ይዘን በነጋታው ሲቪያችንን እንደገና እናስገባለን። የቆሎ ተማሪውም እንዲያ ነው፤ አንድ በር «እግዜር ይስጥህ» ቢለው አምላኩን አይክድም፣ ጎጆውም ገብቶ «ይበቃኛል» ብሎ አይተኛም። አኩፋዳውን ያስተካክላል፣ ዱላውን ይይዛል፣ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

በሚቀጥለው ቤት ማን እንዳለ፣ ሌማቱ ላይም ምን እንዳለ ነው እኛን የሚያሳስበን። አዲስ አበባ ውስጥ በሚሊዮን ብር ለሚሠራ ሕንፃ ቃል ኪዳን ስንገባ፣ በዚያው ወር ለአንድ የኔታ ጉባኤ ስንት ኩንታል ጤፍ ይበቃ እንደነበር የሚያሰላ የሰበካ ጉባኤ አባል አለ? ካለ ስልኩን ይስጠን፤ ቃለ መጠይቅ ልናደርግለት እንፈልጋለን።