«ክሮሚየም ተገኘ»፦ የቱ ክሮሚየም?

የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ወንዝ ገባ በተባለ ቁጥር ክርክሩ «ክሮሚየም አለው፣ የለውም» ላይ ይቆማል። ጥያቄው ግማሽ ነው። አብዛኛው የዓለም ቆዳ የሚለፋው እኮ በክሮሚየም ነው! ክሮሚየም 3 ከቆዳው ኮላጅን ጋር ተሳስሮ እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ካንሰር አምጪነቱ የተረጋገጠው ክሮሚየም 6 ነው።

ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። አቶሚክ አብዞርፕሽን የተባለው መሣሪያ ናሙናውን በነበልባል አቃጥሎ ብረቱን ይቆጥራል። ብረቱ ከምን ጋር ተጣምሮ፣ በምን መልክ እንደነበረ የሚያሳየው ምልክት ግን አብሮ ይነዳል። የሚወጣው ቁጥር የሁለቱ ድምር ነው። ክሮሚየም 6ን ለመለየት ናሙናው ሳይቃጠል አሲድና ዳይፊኒልካርባዛይድ ይጨመርበታል፤ ካለ ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል፣ ድምቀቱም በ540 ናኖሜትር ይለካል። ይህ ደግሞ ከነበልባሉ መሣሪያ በብዙ የረከሰ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ገላ የሚነካ የቆዳ ዕቃ በኪሎ 3 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ክሮሚየም 6 ከያዘ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ለአውሮፓዊ እግር የተጠየቀ ምርመራ ከፋብሪካው ግርጌ ውሃ ለሚቀዳ ገበሬ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም። ድምሩን ብቻ ይዞ «ስጋት የለም» የሚል ኃላፊም፣ «ተመረዝን» የሚል ተሟጋችም እኩል ባዶ እጁን ነው። በሞጆም ሆነ በሌላ ቦታ በሚወጣ የፍሳሽ ሪፖርት ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ ይጻፉ።