የባሕር ማዶ አሠልጣኝና የሰፈር ምስክር

አንድ ዐቃቤ ሕግ ከማን ተማረ የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የሙያ ጉዳይ ብቻ ይምሰል እንጂ፣ በመሠረቱ ፍትሕ ለማን ይሠራል የሚል የፖለቲካ ጥያቄ ነው። በመሆኑም የውጭ አገር ጠበቆች በበጎ ፈቃድ ወደ ታዳጊ አገሮች እየተጓዙ ዐቃብያነ ሕግን ማሠልጠናቸውን በጭፍን ማወደስም ሆነ በጭፍን ማውገዝ ከተጨባጩ ሁኔታ የራቀ አቋም ነው።

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊሳዊው ዣን ግራቨን ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአብዛኛው በአሜሪካውያን መምህራን የሚመራ ነበር። ፊውዳላዊው ሥርዓት ይህን ሁሉ ሲያስመጣ ጭሰኛውን አላማከረም። ይሁን እንጂ የዚያው ሕግ አንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም በዘር ማጥፋት ወንጀል ውስጥ በማካተቱ፣ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የደርግ ባለሥልጣናትን ሲከስ ዋና መሣሪያው ሆነ። የተከሳሾቹ ቁጥር ከ5,000 በላይ ነበር። ከውጭ አማካሪዎች መጡ፤ የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎችም የጅምላ መቃብሮችን መረመሩ። እርዳታው እውነተኛ ነበር። ነገር ግን መቃብር እንዴት እንደሚቆፈር እንግዳው ቢያስተምርም፣ ልጅዋ በየትኛው ሌሊት ከቤት እንደተወሰደ የምታውቀው እናት ነበረች። በታኅሣሥ 1987 የተከፈተው ዋናው ችሎት የጥፋተኝነት ፍርድ የሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነው፤ ምስክር አሥራ ሁለት ዓመት እስኪጠብቅ ይሞታል፣ ይሰደዳል።

ወደ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እንመለስ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ ከተሞች የገበሬው መሬት ወደ ፋብሪካና ወደ መኖሪያ ቤት የተለወጠባቸው፣ በዚህም ምክንያት የይዞታ ቅራኔ፣ የሐሰት ሰነድና በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋ የሚበዛባቸው ናቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ የብዙ ሰዎች ሕይወት በጠፋበት ጥቃት ዐይን እማኝ የነበሩት ብዙዎቹ ተፈናቅለው አዲስ አበባ ገቡ። እንዲህ ያለውን ምስክር ፈልጎ ማግኘትና ከበቀል መጠበቅ በየትኛው የባሕር ማዶ መማሪያ መጽሐፍ ይገኛል? የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለን፤ የሚጎድለው አዋጁን እስከ ሰፈር ማውረድ ነው።

በተጨማሪም በጁሪ ፊት መከራከር የለመደ ጠበቃ ጁሪ በሌለበት፣ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ በሆነበት አገር የሚያስተምረው ሁሉ አይሠራም። (ለጁሪ የሚደረግ ንግግር ዳኛውን ቢያስቅ እንጂ አያሳምን!) ሆኖም ሰነድን ከሰነድ ማነጻጸርን፣ የገንዘብን ዱካ መከተልን ከእርሱ መማር ይቻላል፤ የመሬት ደላላው የሚፈራውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው በኦሮምኛ እንዲሰጥ፣ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት አስገዳጅ ከሆኑት የሰበር ውሳኔዎች እንዲነሣ፣ ከእንግዳው ጎን ነባር የአገር ውስጥ ዐቃቤ ሕግ እንዲቆም መጠየቅ የነዋሪው ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበሩ ድርሻ ነው። የቀጠሮ መብዛትንም አብረው ያንሡ፤ የቀን ሠራተኛው ለምስክርነት በተጠራ ቁጥር የዕለት ደመወዙን ያጣል፣ በአራተኛው ቀጠሮ ላይ ሳይቀርብ ሲቀር መዝገቡ ይዘጋል፣ ተከሳሹም ወደዚያው ሰፈር ይመለሳል።