በዓል ሲመጣ ሲኒማ ቤቱን የሚሞላው ማነው?

ባለፈው እሁድ ዶራ አንዲት ጓደኛችን ቤት ቡና ተፈልቶ አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። አራታችንም ፊልም ወዳድ ነን። አዲስ አበባ እያለን በበዓል ቀን ቡናው ሲያበቃ አምባሳደር ወይም ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ ተሰልፈን ትኬት የቆረጥን ሰዎች ነን። ስለዚህ ስንገናኝ ወሬው ቶሎ ወደ ፊልም ይዞራል። የዚያን ቀኑ ግን ክርክር ሆነና ሊያጣላን ምንም አልቀረውም።

የተከራከርነው ስለ «ቅፍርናሆም» ነው። ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሊባኖሳዊቷ ናዲን ላባኪ የሠራችው፣ በ2018 ካን ላይ የዳኞች ሽልማት ያገኘ፣ ቀጥሎም ለኦስካር የታጨ ፊልም ነው። ታሪኩ እዚሁ ቤይሩት ውስጥ ነው። ከቤቱ የጠፋውን ዘይን የሚባል ልጅ ራሂል የምትባል ኢትዮጵያዊት ታስጠጋዋለች። ራሂል ወረቀት የላትም፤ በሐሰተኛ መታወቂያ ጽዳት እየሠራች ሕፃን ልጇን ደብቃ ታሳድጋለች። ራሂልን ሆና የተጫወተችው ዮርዳኖስ ሺፈራው ራሷም ፊልሙ በሚቀረጽበት ጊዜ ወረቀት ስላልነበራት በእውን ታስራ ነበር።

አንዷ ጓደኛችን «በእኛ ታሪክ ስልሳ ምናምን ሚሊዮን ዶላር በሉ። እኛ ምን ደረሰን?» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ፊልሙ ባይሠራ ማን ያውቀን ነበር? አመስግኚ እንጂ!» ብላ ተቆጣች። እኔ ዝም ብዬ ነበር። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ሁለቱም ዋናውን ነገር የሳቱት መሰለኝ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ፊልሙ የተሠራው ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ወጪ ነው። በመላው ዓለም ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትኬት ተሸጦለታል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ትኬት ተሸጠ ማለት የሠራው ሰው ኪስ ገባ ማለት አይደለም። ሲኒማ ቤቱ በአብዛኛው ግማሽ ያህሉን ያስቀራል። ከቀረው ላይ አከፋፋዩ ድርሻውንና የማስታወቂያ ወጪውን ይቆርጣል። ከዚያ ብድር ይከፈላል። ፊልሙን ፕሮዲውስ ያደረገው የናዲን ባል ገንዘብ ፍለጋ ቤታቸውን እስከ ማስያዝ ደርሶ ነበር። ትናንሽ የውጭ ፊልሞች ቻይና ሲገቡ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሸጡት በቁርጥ ዋጋ ነው፤ ፊልሙ ቢፈነዳም ባይፈነዳም የተቆረጠው ያው ነው። ቁርጥ ዋጋ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ኢድ ላይ ሠላሳ እንግዳ መጣም አልመጣም ደመወዛችን ያው ነው።

ቻይናን በከንቱ አላነሳሁም። ከዚያ ስልሳ ሚሊዮን ውስጥ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጠው የመጣው ከቻይና ነው። አሜሪካና ካናዳ አንድ ላይ 2 ሚሊዮን እንኳ አልሞሉም። ቻይና ላይ ፊልሙ የወጣው መቼ ነው? ሚያዝያ 29 ቀን 2019። ለግንቦት አንድ፣ ለዓለም የሠራተኞች ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው። ቻይና በዚያ ዓመት የሠራተኞችን ቀን ዕረፍት ወደ አራት ቀን አስረዝማ ነበር። በየአዳራሹ «አቬንጀርስ ኤንድጌም» የሚባለው ግዙፍ የአሜሪካ ፊልም ተንሰራፍቶ ሳለ፣ የኛዋ የራሂል ታሪክ በጎን ገብቶ ሕዝቡን አስለቀሰ።

እስቲ አስቡት። ወረቀትም ዕረፍትም ስለሌላት ሠራተኛ የሚናገር ፊልም ሀብታም የሆነው ሠራተኞች ባረፉበት በዓል ነው።

የፊልም ንግድ እንዲህ ነው የሚሠራው። ሲኒማ ቤት ኪራይ፣ መብራትና ደመወዝ ይከፍላል፤ አዳራሹ ሞላም ባዶ ሆነም ወጪው ያው ነው። ዛሬ ባዶ የዋለ ወንበር ለነገ ተቀምጦ አይሸጥም። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያርፍበት ቀን የእነሱ መኸር ነው። «ታይታኒክ» በ1997፣ «አቫታር» በ2009 አሜሪካ ላይ የወጡት ለፈረንጆቹ ገና ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ግብጾች ትልልቅ ፊልሞቻቸውን ለሁለቱ ኢዶች ያስቀምጣሉ። ሕንዶች ዲዋሊን ይጠብቃሉ። ሁሉም የሚሸጡት የሰዎችን ዕረፍት ቆጥረው ነው።

ታዲያ የእኛ በዓል የት አለ? በበዓል የእኛ ሥራ እጥፍ ይሆናል። ወይን ቅጠሉን የምንጠቀልል፣ ሳህኑን የምናጥብ፣ የእንግዳ ልጅ ሳይቀር የምንይዝ እኛ ነን። ማዳም በኢድ ወይም በገና ሲኒማ የምትሄደው እኮ ቤቷን ትታለት የምትሄደው ሰው ስላላት ነው። ከዚያ ከበዓል ትኬት ጀርባ የኛ ጉልበት አለ።

አንድ ጊዜ እኔም ሲኒማ ሄጃለሁ። ቤይሩት በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ ገና፣ የነበርኩበት ቤተሰብ ልጆቹን የካርቱን ፊልም ሊያሳይ ሲወጣ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ደስ ብሎኝ ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር ትንሿ ልጅ ደንግጣ አለቀሰች። ማዳም በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ልጅቷን ታቅፌ ወጣሁ። ፊልሙ እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ስመላለስ ቆየሁ። ትኬት ተቆርጦልኛል፤ የሲኒማ ቤቱ ሒሳብ ላይ እኔም ተቆጥሬያለሁ። ግን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም እሁድ አርፌ አላውቅም።

ስለዚህ «ምን ደረሰን?» ላለችው እህቴ መልሴ ይሄ ነው። ጥያቄሽ ትክክል ነው፤ ግን ዶላሩን ከፊልም ሠሪዎች ከመጠየቃችን በፊት ቀኑን ከአሠሪዎቻችን እንጠይቅ። «አመስግኚ» ላለችው ደግሞ፦ ሚሊዮኖች አልቅሰዋል፤ ቤይሩት ላይ ያለው ሕግ ግን በእንባ አልተቀየረም። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ዛሬም ከሕጉ ውጭ እንዳደረገ ነው።

ሆኖም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ከ2009 ጀምሮ ያለው መደበኛ የሥራ ውል በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ተከታታይ ዕረፍት ይላል። ብዙዎቻችን ሳናነበው፣ በማናውቀው ቋንቋ የፈረምነው ወረቀት ማለት ነው። ውል ስታድሱ ከደመወዙ ጋር ቀኑንም አንሱ። «ዮም ዑጥሌ» በሉ፤ ቃሉን ያውቁታል። በዓል ላይ መሥራት ግድ ከሆነም አስቀድማችሁ ምትክ ቀን ወይም ጭማሪ ተነጋገሩ። እንግዳው ከገባ በኋላ ማንም አይሰማችሁም።

በር የተቆለፈባት፣ ስልኳ የተወሰደባት እህት ይሄን ብታነብ «እኔን አታውቂኝም» ልትለኝ እንደምትችል አውቃለሁ። እሷን «ሄደሽ ተጋፈጪ» አልላትም። ለእሷ መጠየቅ ያለብን ውጭ ያለነው ነን። በግንቦት አንድ ሰሞን እሁድ ቤይሩት ላይ የቤት ሠራተኞች ሰልፍ ሲወጣ፣ እሁድ ያላት እሁድ ለሌላት ብትወጣ አንድ ነገር ነው።

«ለፊልም ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ለፊልምም ነው። ዱባይ ሲኒማ ቤቶች ውስጥ የፊሊፒንና የኬረላ ፊልም ይታያል። የኬረላ ፊልም ሠሪዎች ከባሕረ ሰላጤው የሚያገኙትን ገቢ አስቀድመው ነው የሚያሰሉት። ሲኒማ ቤቶቹ ይሄን የሚያደርጉት አዝነውላቸው አይደለም። እነዚያ ሠራተኞች ዕረፍት ሲኖራቸው ወንበር ስለሚሞሉ ነው። እኛም ቁጥራችን ትንሽ አይደለም። የጎደለን ሰውም አይደለም፣ የፊልም ፍቅርም አይደለም። የጎደለን ቀን ነው።

ቀኑ ሲኖረን በፋሲካ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ከተማ የአማርኛ ፊልም የሚያሳይ ሰው አይጠፋም። እስከዚያው ግን እሁድ ያላችሁ ወደ ዶራ ኑ። ቡና አለ፣ ላፕቶፕ አለ፤ «ቅፍርናሆም»ን ደግመን አብረን እናየዋለን። ልጅ የምትጠብቁም ይዛችሁ ኑ፤ ሲያለቅስ ተራ በተራ እንይዛለን።