በሰው ድምፅ አይደመቅም!

«የፊልም ዘፋኝ ሥራው መዝፈን ነው፤ የተዋዋለበትን ገንዘብ ከተቀበለ ሌላ ምን ቀረው?» የሚሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል። እነዚህን ሰዎች በላታ ማንጌሽካር ታሪክ ልሞግታቸው እወዳለሁ።

በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች የሕንድ ፊልም እያየን ስናለቅስ ያደግን ሁሉ የምናስታውሰው የተዋናይቷን ዓይን ነው። ጆሯችን የሰማው ድምፅ የሌላ ሴት መሆኑን ስንቶቻችን እናውቅ ነበር? እ.ኤ.አ. በ1949 «ማሃል» የተሰኘው ፊልም ሲወጣ ከንፈሯን ያንቀሳቀሰችው ማዱባላ ነበረች፤ የዘፈነችው ደግሞ ላታ። በሸክላው ላይ የታተመው ስም ግን የሁለቱም አልነበረም። «ካሚኒ» የሚለው የገጸ ባሕርይዋ ስም ነበር። እንዲያው ፍረዱ! በደራሲ ብዕር የተፈጠረች ሴት የሸክላ ባለቤት ስትሆን፣ ነፍስ ያላት ዘፋኝ ተረሳች። ስሟን ያስወጣላት የሬድዮ አድማጭ ነው። «ይህች ማን ናት?» እያለ ቢወተውት ስሟ ይፋ ሆነ።

ትግሉ ግን በዚህ አላበቃም። በ1957 በፊልምፌር የሽልማት በዓል ላይ፣ የ«ቾሪ ቾሪ» ፊልም የዜማ ደራሲዎች ሲሸለሙ ላታ ዘፈኑን እንድትጫወት ተጠየቀች። እምቢ አለች። ለዘፋኝ የሽልማት ዘርፍ በሌለበት በዓል ላይ ለምን ትዝፈን? ዘርፉ በ1959 ተከፈተ፤ የመጀመሪያዋ ተሸላሚም፣ «ማዱማቲ» በተሰኘው ፊልም ዘፈኗ፣ እርሷው ሆነች።

በ1960ዎቹ ደግሞ ከሸክላ ሽያጭ ለዘፋኝም ድርሻ ይገባዋል ብላ ተነሣች። ታላቁ ሞሐመድ ራፊ አልተስማማም። ዘፋኝ ክፍያውን ከተቀበለ ጉዳዩ አለቀ ባይ ነበር። በዚህም ሳቢያ ሁለቱ ለጥቂት ዓመታት አብረው መዝፈን አቆሙ። የራፊን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ክርክሩን ግን አልቀበልም። ሸክላው ለዓመታት እየተሸጠ የዘፋኙ ዋጋ የአንድ ቀን ብቻ የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

ላታ ለሌሎች ዘፋኞች በር ዘግታለች የሚል ክስ ይቀርብባታል። እውነት ቢሆን እንኳ ያነሣችውን የመብት ጥያቄ ሐሰት አያደርገውም።

ላታ በ2022 በ92 ዓመቷ ስታርፍ ሕንድ ሰንደቅ ዓላማዋን ዝቅ አድርጋ በመንግሥት ሥርዓት ሸኘቻት። አንድ ጊዜ ከሸክላ ላይ የታጣው ስም ያን ቀን በአገር ሁሉ ተጠራ።

እኛስ? ዘፈን ለቅቀው የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ፣ የአጃቢዎቹንም ስም ሳይጠሩ የሚያልፉ የሬድዮ አዘጋጆች ዛሬም አሉን። «ጊዜ የለንም» ይላሉ። ለማስታወቂያ የተገኘ ጊዜ ለሰው ስም እንዴት ይጠፋል? አበው በሰው ወርቅ አይደመቅም ብለዋል። በሰው ድምፅም እንደዚያው ነው። እኛም እንደዚያ ዘመን የሕንድ አድማጮች «ይህ የማን ነው?» ብለን እንጠይቅ፤ ስሙ እስኪጠራ ድረስም አንታክት።