መብራት እያለ ማንም አይመለስ

የኤሌክትሪክ መኪና ነጂዎች፣ ኤሌክትሪሻኖች፣ የቴሌኮም ቴክኒሻኖችና ፕሮግራመሮች ነን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኃይል ያለው ቻርጀር ኢንተርኔት ተቋረጠ ብሎ ሰው አይመልስ።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በውሳኔው የተስማማውም ያልተስማማውም ዛሬ አንድ መንገድ ላይ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ነዳጅ በዶላር ስትሸምት የኖረች አገር በራሷ ወንዝ መኪና ልትነዳ ቆርጣለች። ይህን ተስፋ ከልባችን ይዘነዋል። ትንሽ በሚመስል ጉዳይ ላይ ድምፃችንን የምናሰማውም ለዚህ ነው።

ያየው ያውቀዋል። ቻርጀሩ ያለው የሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መብራት አለ፣ ስክሪኑ በርቷል፣ ኬብሉ ተሰክቷል። ነጂዋ ኪውአር ኮዱን ስካን ብታደርግም ስልኳ ገጹን አልከፍት ይላታል። ኔትወርክ ፍለጋ ደረጃውን ወጥታ መንገድ ዳር ትቆማለች፤ በቴሌብር ትከፍላለች፤ ማረጋገጫው ይደርሳታል። ተመልሳ ስትወርድ ግን ቻርጀሩም ኔትወርክ ስለሌለው ክፍያው አልደረሰውም፤ ሰዓቱ አልፎበት ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሷል። ብሩ ተቆርጧል፣ ባትሪው ግን ንቅንቅ አላለም። ጥበቃው «ኔትወርክ እስኪመጣ ትንሽ ጠብቂ» ይላታል፤ እሱ ምን ያድርግ! የቻርጀሩን አንቴና በጥቂት ሜትር ገመድ ወደ ውጭ ማውጣት ክፍያው እንዲደርሰው ያደርግ ነበር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ምን ያህል ኃይል ይሰጥ፣ መቼ ይቁም የሚለውን መኪናውና ቻርጀሩ የሚነጋገሩት በዚያው በተሰካው ኬብል ነው። የቻይናው የቻርጅ ደረጃ ጂቢ/ቲም ሆነ የአውሮፓው ሲሲኤስ በዚህ አይለያዩም። ባትሪው በሰላም እንዲሞላ ኢንተርኔት አያስፈልግም ማለት ነው። ኢንተርኔት የሚፈለገው ደንበኛውን ለመለየት፣ ሂሳብ ለመቀበልና ለባለቤቱ ሪፖርት ለማድረግ ነው። ለዚያም ቢሆን የሚሄደው ዳታ ከቁጥር አይገባም፤ የአንድ ሰዓት ቻርጅ መልእክቶች ቢደመሩ በስልክ ከተነሳ አንድ ፎቶ ያንሳሉ።

መፍትሔውም ከተጻፈ ቆይቷል። አብዛኞቹ ቻርጀሮች ከማዕከላቸው ጋር የሚነጋገሩበት ኦሲፒፒ የሚባል ክፍት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2009 ኔዘርላንድ ውስጥ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው 1.6 እትም ቻርጀሩ የታወቁ ደንበኞችን ዝርዝር በራሱ ሆድ እንዲይዝ፣ መስመር ሲጠፋ ሂሳቡን አጠራቅሞ ሲመለስ እንዲልክ ያስችላል። የማያውቀውን የደንበኛ ካርድ ሳይቀር በዚያች ሰዓት እንዲያስተናግድ የሚፈቅድ ማስተካከያ አለው። ባለንብረት ይህን የሚዘጋው ገንዘቤ ይቀርብኛል ብሎ ነው። ስጋቱ ይገባናል። ነገር ግን በአንድ ወገን አንድ ያልተሰበሰበ ሂሳብ፣ በሌላ ወገን ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄድ ጨለማ ላይ የቀረ ቤተሰብ አለ። ኪሳራው ባለንብረቱ ላይ ይውደቅ እንላለን፤ በዚህ አንደራደርም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ ሁለት የሞባይል ኦፕሬተሮች አሏት። እንግዲያው እያንዳንዱ ቻርጀር የሁለቱንም ሲም ይያዝ፤ አንዱ ሲጠፋ ማንም ሳይነካው ወደ ሌላው ይዙር። ቻርጀሩ የአንደኛው ኦፕሬተር ንብረት ቢሆንም እንኳ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቻርጀሩን ከኔትወርክ የሚያገናኘው ሞደም ደንዝዞ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ራሱን አጥፍቶ ያብራ እንጂ ቴክኒሻን ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ ማብሪያ ማጥፊያ ለመጫን አይመላለስ። ዳታ የሌለው ሰው በቴሌብር *127# ከፍሎ ይሙላ።

አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ ዝም ብለን አናልፈውም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆይቷል። ያኔ አብዛኞቹ መኪኖቻችን ገና በነዳጅ ይሄዱ ነበር። ነገ ግን ኢንተርኔት ሲዘጋ አምቡላንሱ፣ ታክሲውና የወላዷ መኪና አብረው ይቆማሉ። መዝጋቱን እንቃወማለን። ቢዘጋም ቻርጀሮች ከሕዝብ ኢንተርኔት በተለየ የግል መስመር እንዲሠሩ፣ እሱም ሲጠፋ ብቻቸውን እንዲያስተናግዱ እንጠይቃለን።

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ጀምሮ የሕዝብ ፈጣን ቻርጀሮች በዓመት አማካይ 99 በመቶ አስተማማኝ እንዲሆኑ በሕግ ታስገድዳለች። ለአገራችንም የሚቆጠር፣ ለሕዝብ የሚገለጽ ልክ ይውጣ። ኃይል እያለው በኔትወርክ ሰበብ ደንበኛ የመለሰ ቻርጀር እንደተበላሸ ይቆጠር፤ በካርታ ላይም «ይሠራል» ተብሎ አይጻፍ።

ቻርጀር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ውል ከመፈረማችሁና ሪባን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ሲም ካርዱን አውጡ፣ የፋይበሩን ገመድ ንቀሉ፣ ከዚያ መኪና አምጥታችሁ ሰኩ። ካልሞላ አትረከቡ።