አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ስለ ሰብዓዊ መብትና ምርጫ የውጭ ጫና በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ «ሉዓላዊነታችን ተደፈረ» ይላል፣ ሌላው «ይበላቸው፣ ይጨመርላቸው» ይላል። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ መሰለኝ፣ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ሒሳቡን የሚከፍለው ማነው?

አጎዋን እንውሰድ። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት በተፈጸሙ ከባድ የመብት ጥሰቶች ምክንያት ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉ አስወጣች። ጥሰቱ እውነት ነበር፤ ተጠያቂነትም ያስፈልገው ነበር። ግን በትሩ ማን ላይ አረፈ? ጦርነቱ ሲባባስና የአጎዋ ዕጣ ሲታወቅ፣ ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ አምራች ዕገዳው ሥራ ላይ ሳይውል የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚያ ፓርክ ማሽን ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ደመወዛቸው ከቤት ኪራይና ከምግብ የማያልፍ። ጦርነቱን እነሱ አላወጁትም። ያወጁትንም ዕገዳው አላቆማቸውም፤ ነሐሴ 2014 ላይ ውጊያው እንደገና አገረሸ።

አሁን ደግሞ ጋምቢያን እንይ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2016 ያህያ ጃሜህ በምርጫ ተሸነፉ፣ መሸነፋቸውን አመኑ፣ በሳምንቱ ቃላቸውን አጠፉ። ጎረቤቶቻቸው በኢኮዋስ በኩል መጀመሪያ መሪዎችን ለሽምግልና ላኩ፤ እምቢ ሲሉ ጦር አስጠጉ። ሰውየው ከ22 ዓመት ሥልጣን በኋላ አገር ለቀው ወጡ። ጦር ማስጠጋት የትም ይሠራል እያልኩ አይደለም። ጋምቢያ ትንሽ አገር ናት፤ ሕዝቡም አስቀድሞ በካርዱ ተናግሮ ነበር። ዋናው ነገር፣ ጫናው ወንበሩን የያዘው ሰው ላይ እንጂ ደመወዝተኛው ላይ አለማነጣጠሩ ነው።

ስለዚህ የውጭ ኃይሎች የምር ከሆነ፣ የጉዞ ዕገዳውንም የሀብት እግዱንም ትእዛዝ በሰጠው ሰው ስም ይጻፉት። ታዛቢ መላክንም እንደ ሽልማት አይቁጠሩት። የአውሮፓ ኅብረት በ2013 ምርጫ ከመንግሥት ጋር በታዛቢዎቹ ነፃነት አልተስማማም ብሎ ሲቀር፣ አንድ ዓይን የጎደለው መራጩ ነው።

ለእኛ መንግሥትም አንድ ቃል አለኝ። የውጭ እጅ የሚገባው በተከፈተ በር ነው። ተበዳይ እዚሁ አገሩ ፍርድ ቤት ሰሚ ካገኘ፣ የሐዋሳዋ ልጅ እንጀራ ዋሽንግተን ላይ አይወሰንም።